የካርቱም ወረቀት

ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሜልቦርን

የእማዬና የአባዬ የወላጅ ቪዛ ተከለከለ። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው፦ ከሱዳን ከወንጀል ነፃ ማስረጃ አላቀረቡም። የኢትዮጵያውን አሻራ ሰጥተው ከፌዴራል ፖሊስ አውጥተዋል። አውስትራሊያ ግን ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ ተደምሮ 12 ወር ከተኖረበት አገር ሁሉ ማስረጃ ትጠይቃለች፤ እነሱም እስከ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ነበሩ።

እማዬ በስልክ፣ «ልጄ፣ ምን አጥፍተን ነው?» አሉኝ። ቪዛ መከልከል እሳቸው ዘንድ ወንጀለኛ ከመባል አይለይም። ምንም እንዳላጠፉ ደጋግሜ ነገርኳቸው፤ ያመኑኝ አይመስለኝም።

ጥቅምት 15

ውሳኔውን እንደገና አነበብኩት። ማስረጃውን ለማግኘት መሞከራቸውን የሚያሳይ ሰነድ የለም ይላል።

ጦርነቱ የፈነዳው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ቀዳም ሥዑር። እማዬ የፋሲካን ዶሮ ገዝተው ነበር። ቤቱን እንዳለ ጥለው፣ በገላባት አድርገው መተማ ሲገቡ የተረፋቸው ፓስፖርታቸውና የለበሱት ልብስ ነው። አባዬ ያንን ወረቀት ፍለጋ ከጎንደር አዲስ አበባ ድረስ ሄደዋል። «ሱዳን ገብተው ያመልክቱ» ተባሉ። ይህንኑ በጽሑፍ ስጡኝ ቢሉ የሚሰጣቸው አጡ። ጥይት ይዘንብበት ወደነበረ ከተማ ሽማግሌ ተመልሶ ማኅተም ያምጣ ማለት ፍርድ አይደለም።

ጥቅምት 19

ጠበቃ አማከርን። ልቤን ያሳረፈችልኝ ራሱን ደንቡን አውጥታ ስታሳየኝ ነው፦ ማስረጃውን አምጣ ማለት ለአመልካቹ ምክንያታዊ ካልሆነ መሥፈርቱ ሊነሳ ይችላል። በሩ አለ ማለት ነው። ለመግባት ግን አለመቻላቸውን በሰነድ ማሳየት ያስፈልጋል።

ቪዛው የተጠየቀው ከውጭ ስለሆነ ይግባኙን የማቀርበው እኔ ነኝ፣ ስፖንሰሩ። ጊዜው 28 ቀን ነው፤ ካለፈ የሚያራዝምልህ የለም። ክፍያው ከ3,000 የአውስትራሊያ ዶላር ይበልጣል፤ ከተረታን አይመለስም፣ ከረታን ግማሹ ይመለሳል። እህቴ ግማሹን እኔ እችላለሁ ብላለች።

ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በቀድሞው ምትክ ሥራ የጀመረ ነው። የመጀመሪያው ሹም ተሳስቷል አልተሳሳተም በማለት አያበቃም፤ ጉዳዩን ከሥሩ ያየዋል፣ አዲስ ሰነድም ይቀበላል።

ኅዳር 3

አስገባን። የመተማ መግቢያ ማኅተምና የካርቱም የመኖሪያ ፈቃዳቸው ያለባቸው የፓስፖርት ገጾች፣ አባዬ አዲስ አበባ ስለደረሰባቸው ነገር የሰጡት ቃለ መሐላ፣ እኔ ከዚህ ስለ ማስረጃው በኢሜይል የላክኋቸው ጥያቄዎች። አባዬ ይሠሩበት የነበረው ዳቦ ቤት ባለቤት ዛሬ ካይሮ በስደት ነው፤ ስለ አባዬ ሐቀኝነት በዐረብኛ የጻፈውን ሕጋዊ ተርጓሚ ተርጉሞት ጨመርነው። እሱም ቤቱ ተዘርፎበት እያለ ሳይውል ሳያድር ነው የላከው። እግዜር ይስጠው።

ኅዳር 9

መዝገቡ መከፈቱ ተነገረን። የቀጠሮ ቀን ገና አልተቆረጠም። የኢትዮጵያው ማስረጃ የሚያገለግለው 12 ወር በመሆኑ ከዚያ በፊት ጊዜው ሊያልፍ ይችላል፤ አባዬ ሌላ አሻራ ለመስጠት ተዘጋጅተዋል።

ወላጆቻችሁ ሱዳን፣ ቤይሩት ወይም ሳዑዲ ኖረው ከሆነ የፖሊስ ማስረጃውን ከአሁኑ በጽሑፍ ጠይቁላቸው። መልስ ባይመጣ እንኳ የጠየቃችሁበትን ወረቀት ከነቀኑ አስቀምጡ፤ ቪዛ ክፍሉ ቀን ቆርጦ ሲጽፍላችሁም ቀኑ ሳያልፍ ተጨማሪ ጊዜ በጽሑፍ ለምኑ።