ወደ አንደኛ ክፍል የሚወስደው መንገድ

መቼስ መምህርነት የሙያዎች ሁሉ እናት መሆኑን የማይናገር ባለሥልጣን የለም። በየስብሰባው ይነገራል፤ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይም ተጽፎ ይነበባል። ወደዚህ ሙያ የሚያስገባውን በር ማን እንዳበጀው፣ በበሩም ማን እንዲያልፍ እንደታሰበ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። እኔ በዚያ በር የገባሁ ነኝና ያየሁትን ልጻፍ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 10ኛ ክፍልን መለያያ መንገድ አድርጎት ነበር። ብሔራዊ ፈተናውን በጥሩ ውጤት ያለፈ ወደ መሰናዶ፣ ከዚያም ወደ ዩኒቨርሲቲ ያመራል፤ የቀረው ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ይበተናል። እኔ የተፈተንሁት በ1996 ዓ.ም. ነበር። ውጤቴ ለመሰናዶ አልበቃም፤ ለመምህርነት ግን አላነሰም። በተላክሁበት ኮሌጅ ደግሞ ሌላ ወንፊት ጠበቀን። ከመካከላችን የተሻለ ነጥብ ያላቸው በ10+3 የዲፕሎማ መርሐ ግብር ገብተው ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል እንዲያስተምሩ ተመደቡ። የቀረነው አንድ ዓመት ብቻ ሠልጥነን፣ በ10+1 ሰርተፍኬት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉትን ሕፃናት እንድንረከብ ተወሰነ። ልብ በሉ፤ ተማሪው ባነሰ ቁጥር የመምህሩም ሥልጠና አብሮት ያንሳል።

ያችን አንድ ዓመት ላጣጥላት አልሻም። የፒያዤን የዕድገት ደረጃዎች አጥንተናል፤ የትምህርት ዕቅድ በሠንጠረዥ አስምረን ማዘጋጀት ለምደናል። «ማይክሮ ቲቺንግ» በሚባለው ልምምድ አንዳችን መምህር፣ ሌሎቻችን ሕፃናት እየሆንን እርስ በርሳችን ተማምረናል። ሕፃናቱ የአሥራ ሰባትና የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሶችና ኮረዶች ስለነበርን የተጠየቅነውን ሁሉ በትክክል እንመልሳለን፤ አሠልጣኛችንም ደስ ብሎት ነጥብ ይሰጣል። እውነተኛው ሕፃን «በ»ን ከ«ሰ» ለምን እንደሚያምታታ፣ ሲያምታታስ ምን እንደሚደረግለት የነገረን ግን አልነበረም። አንድ መምህር አንድ ክፍል ይዞ ከአማርኛ እስከ ሒሳብ፣ ከአካባቢ ሳይንስ እስከ ሰውነት ማጎልመሻ ሁሉን እንዲያስተምር ይጠበቅ ነበርና፣ አንዱን ነገር በጥልቀት ለመማር ጊዜ ከየት ይመጣል?

በ1997 ዓ.ም. ክረምት ተመረቅሁ። ምደባው በዕጣ ነበር፤ ዕጣዬ ከአስፋልቱ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ የሰሜን ሸዋ ገጠር ቀበሌ ላይ ወደቀ። ሰባ ስምንት ልጆች ያሉበት 2ኛ ክፍል ተሰጠኝ። በመጀመሪያው ቀን ፊደል ቁጠሩ ብላቸው ከሀ እስከ ፐ አዳራሹን እያናጉ ወጡት። ደስ አለኝ። ከመካከል አንዱን ፊደል በጣቴ ነክቼ «ይህ ማን ነው?» ያልሁ ጊዜ ግን ጸጥ አሉ። አንዲት ልጅ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከሀ ጀምራ በሆዷ ስትቆጥር አየኋት፤ ፊደሉ እስኪደርስላት ትጠብቅ ነበር። ልጆቹ የተማሩት ዜማ እንጂ ፊደል አልነበረም።

በሳምንቱ አንድ አባት በበሩ ቆመው ጠበቁኝ። «መምህር፣ አይቀየሙኝና፣ ልጄ ዓመት ሙሉ ተመላልሶ ስሙን መጻፍ አቃተው። ለእረኝነት ብፈልገው ኖሮ እኮ መጀመሪያውኑ አልልከውም ነበር» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ሰውየው ጉልበት ከሚሆናቸው ልጅ ግማሽ ቀን ቀንሰው ለመንግሥት ሰጥተዋል፤ የሰጡት ምን እንደሆነ ደግሞ ጠንቅቀው ያውቁታል።

መላውን ያገኘሁት ከኮሌጁ ደብተሬ ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያኑ የኔታ ነው። ሄጄ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። «ልጅ ብልጥ ነው፤ ዜማውን ይዞ ያታልልሃል። ለዚህ እኮ ነው አቡጊዳ ያለው» አሉኝ። አቡጊዳን ሁላችንም በስም እናውቀዋለን። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ የፊደሉን ተራም ድምፁንም ስለሚያዘበራርቀው፣ ሀሁ ብሎ በዜማ የሸመደደ ልጅ መደበቂያ ያጣል፤ እያንዳንዱን ቅርጽ በዓይኑ መለየት ግድ ይሆንበታል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ቅርጾች ናቸው። ይህን ሁሉ ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጅ ማስጨበጥ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ የቤተ ክህነቱ ትምህርት ቤት ለዘመናት ሲያበጀው የኖረ ጥበብ። እኛን ያሠለጠነን ዘመናዊ ተቋም አንዲት ምዕራፍ እንኳ ነፍጎታል። (የኔታ ዱላም ነበራቸው፤ እሱን አልወረስሁም።)

የእኔ ክፍል ብቻውን የታመመ እንዳይመስላችሁ። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ የአገሪቱ ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ሆነው ሲገኙ አገሩ ሁሉ ደነገጠ። እኔን ያስገረመኝ ድንጋጤው ነው። እነዚያ ልጆች 1ኛ ክፍል ሲገቡ ማን እንደተቀበላቸው የጠየቀ ጋዜጠኛ አላየሁም።

ከበሩ የባሰው ደግሞ መሰላሉ ነው። መምህር ደረጃውን የሚያሻሽለው በክረምት ትምህርት ነው፤ ሰርተፍኬቱ ዲፕሎማ፣ ዲፕሎማው ዲግሪ ይሆናል። እኔም ክረምቴን ሁሉ ሰጥቼ እዚያው ደረስሁ። ደመወዝ የሚከተለው ግን የምስክር ወረቀቱንና የክፍሉን ደረጃ ነውና፣ አንድ መምህር ሕፃናትን ፊደል ማስያዝ በተካነ ማግስት ወደ ላይኛው ክፍል ይወጣል፤ ቦታውን ለአዲስ ጀማሪ ይለቃል። ይህን ክፉ ሰው አላሰበውም። እያንዳንዱ ደንብ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው፤ ድምሩ ግን 1ኛ ክፍልን ዘላለም የልምምድ ሜዳ ያደርገዋል።

ዲግሪዬን በያዝሁ ጊዜ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የመዛወሪያ ደብዳቤ መጣልኝ። እዚያው 1ኛ ክፍል ልቆይ ብዬ አመለከትሁ። የሥራ ኃላፊው ማመልከቻዬን ሁለት ጊዜ አነበበው። «አንተ ሰው፣ ዲግሪ ይዘህ ሀሁ ልታስቆጥር ነው?» አለኝ፤ ቀጥሎም በዚያ መደብ የዲግሪ ደመወዝ እንደማይፈቀድ አስረዳኝ። ሰውየው ደንቡን አልሳተም። እኔም ፈርሜ በዲፕሎማው ደመወዝ ቆየሁ።

ዛሬ የ10ኛ ክፍል ፈተናም፣ 10+1 የሚባለውም ቀርተዋል፤ በ2015 ዓ.ም. አዲስ ፖሊሲ ጸድቋል። በዕጣ አብረውኝ ወደዚያ ወረዳ ከወጡት አሥራ አንድ መምህራን መካከል አራቱ ሁለተኛ ደረጃ ያስተምራሉ፤ ሁለቱ ጽሕፈት ቤት ገብተዋል፤ ሦስቱ ሙያውን ለቀዋል፤ አንዱ አርፏል። 1ኛ ክፍል ያለሁት እኔ ነኝ፤ ዘንድሮ ስልሳ አራት ልጆች አሉኝ።