የገደል ማሚቶ በግማሽ ዋጋ

ኅዳር ሲታጠን ጭሱ ከሰፈር ሳይጠፋ ሌላ ጭስ ይመጣል፡፡ የመጀመሪያውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በ1911 ዓ.ም. ያን ሁሉ ሰው ከፈጀው የኅዳር በሽታ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፡፡ ሁለተኛው ጭስ የሚገባው በኢሜይል ነው፡፡ አሜሪካኖች «ብላክ ፍራይዴይ» የሚሉት የቅናሽ ዓርብ የሚውለው በዚያው በኅዳር አጋማሽ ነው፡፡ ታዲያ የሚቀንሰው ልብስና ቴሌቪዥን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሙዚቃ የሚሠራባቸው ሶፍትዌሮችም ዋጋቸው የሚወርደው ያኔ ነው፡፡ እንደ እኛ ላፕቶፕ ላይ ሙዚቃ የሚያቀናብር ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ዋጋ ሲያነብ ይከርማል፡፡

«እኛ» ስንል ሦስት ነን፡፡ አንዱ ኪቦርድ ይጫወታል፣ አንዱ ጊታር፣ አንዷ ደግሞ ሁለቱ የማይችሉትን ሚክስ ትሠራለች፡፡ ስቱዲዮአችን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለች ሦስት በአራት የሆነች መኝታ ቤት ናት፡፡ ባለፈው ኅዳር ለመግዛት ቆርጠን የተነሳነው ሪቨርብ ነበር፡፡

ሪቨርብ ደግሞ ምንድን ነው ለምትሉ፣ ሠርግ ላይ ማይክ ጨብጦ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ኤኮ ጨምርበት!» የሚለው ሰውዬ የሚፈልገው ነገር የቅርብ ዘመድ ነው፡፡ የገደል ማሚቶን እናውቃታለን፤ «ሁ!» ስንላት «ሁ!» ብላ ትመልሳለች፡፡ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ 17 ሜትር ርቆ ከቆመ ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ለመመለስ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ይፈጅበታል፡፡ ጆሮ ይህንን ለይቶ ይሰማል፡፡ ቤት ውስጥ ግን ግድግዳውም፣ ጣሪያውም፣ ወለሉም ቅርብ ነው፡፡ ድምፁ ሺህ ጊዜ ተላግቶና ተደራርቦ ስለሚመለስ ማሚቶዎቹን አንድ ሁለት ብለን መቁጠር አንችልም፤ በጥቅሉ «ቤቱ» ሆነው ይሰሙናል፡፡ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ያላችሁበት መታጠቢያ ቤት ይሁን አዳራሽ የምትለዩት በዚህ ነው፡፡ የሪቨርብ ፕለጊን እንግዲህ ቤት የሚሸጥ ሶፍትዌር ነው፡፡ (አዲስ አበባ ተቀምጦ በ50 ዶላር ቤት መግዛት የሚቻለው በዚህ መንገድ ብቻ ነው፡፡)

ቤቱ ያስፈለገን ለአንዲት ጀማሪ ድምፃዊ ነው፡፡ ዘፈኗ በትዝታ ቅኝት የተሠራ፣ ከድምፅ ሌላ ማሲንቆ፣ ክራርና ቤዝ ብቻ ያለበት ነው፡፡ ልጅቷ ቀን ቀን ፋርማሲ ትሠራለች፤ ለማሲንቆና ለክራር ተጫዋቾቹ የከፈለችው ከደሞዟ ቆጥባ ነው፡፡ ከገና በፊት እንዲወጣላት ትፈልጋለች፡፡ ይህ ባይሳካ ሁለተኛ የምታሠራበት ገንዘብ የላትም፡፡ ድምፅዋን የቀዳነው ከመርካቶ ገዝተን ግድግዳው ላይ በሰቀልናቸው ወፍራም ብርድ ልብሶች መሀል ነው፡፡ (በነገራችን ላይ እስከ ዛሬ ከገዛነው የስቱዲዮ ዕቃ ሁሉ የበለጠ የጠቀመን ይኸው ብርድ ልብስ ነው፡፡ የባዶ ክፍል ጩኸት አንዴ ማይክ ውስጥ ከገባ አጥቦ የሚያወጣው ሳሙና የለም፡፡) እንዲህ የተቀዳ ድምፅ ንጹሕ ነው፤ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ የሚዘፈን ይመስላል፡፡ አውጥተን አንድ ቦታ ልናቆማት ይገባል፡፡

ለስድስት ወር ሺህ ሺህ ብር እያዋጣን 18 ሺህ ብር አጠራቅመናል፡፡ ድሮ ቢሆን ደህና ገንዘብ ነበር፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በባንክ ዋጋ 50 ዶላር ማለት 3 ሺህ ብር አይሞላም ነበር፤ አሁን ከ5 ሺህ ብር በላይ ነው፡፡ ለሌላው ዓለም «ሃምሳ በመቶ ቀንሷል» የሚለው ማስታወቂያ ለእኛ የድሮውን ዋጋ እንኳን አይመልስልንም፡፡

ኪቦርዲስታችን «ምን ያስጨንቃል፣ ክራኩ በፍላሽ አለ» አለ፡፡ ይህንን ሐሳብ የማታውቁት እንዳታስመስሉ፡፡ ከተማው በክራክ ነው የሚሠራው፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም፡፡ ነገር ግን ዘፈን በፍላሽ ሲገለበጥ የምንጮኸውም እኛው ነን፡፡ የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ዘፈኑንም ሶፍትዌሩንም ይጠብቃል፡፡ ፋርማሲ ቆማ ባጠራቀመችው ብር ያሠራችውን ዘፈን «አትገልብጡ» ልንል ነው፤ የተሠራበትን ዕቃ ግን ገልብጠነዋል፡፡ ሚክስ የምትሠራው ጓደኛችን ፍላሹን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ክርክሩ በዚያ አበቃ፡፡

ጊታሪስታችን ግን በሌላ በር መጣ፡፡ ያገኘው አሥራ ምናምን ፕለጊን በአንድ ላይ የታጨቀበት ጥቅል ነው፤ ሰማንያ በመቶ ቀንሷል፣ ከሥሩ ደግሞ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት አለው፡፡ 11 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ቀርቶታል፡፡ ይህ ሰዓት ሰውን እንዴት እንደሚያደርገው አይታችኋል? የማያስፈልጋችሁ ነገር ሊያመልጣችሁ መሆኑ ብቻ ያስደነግጣችኋል፡፡ ደግሞ «የራሳችን ይሆናል» ማለትም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም፡፡ ዌቭስ የተባለው የእስራኤል ኩባንያ በ2023 እ.ኤ.አ. መጋቢት ወር ላይ ፕለጊን መሸጥ አቁሜ በኪራይ ብቻ አቀርባለሁ ብሎ ነበር፤ ደንበኞቹ ጩኸቱን ሲያቀልጡት በቀናት ውስጥ ወደ ቀድሞው ተመለሰ፡፡ በሌላ ጫፍ ደግሞ ቫልሃላ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት አለ፤ ሪቨርቦቹን ለዓመታት በ50 ዶላር ሲሸጥ ቅናሽ የሚባል ነገር አያውቅም፡፡ ኅዳርም ሆነ ሰኔ ዋጋው ያው ነው፡፡ «ሱፐርማሲቭ» የተባለውን ደግሞ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፡፡ እኛ እንዲህ ዓይነት ነጋዴ ደስ ይለናል፤ ቢያንስ አያጣድፍም፡፡

ጓደኛችን ሁለቱን ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ «እሷ ግን የት ሆና ነው የምትዘፍነው?» አለች፡፡ እስከዚያ ድረስ ስንት ብር እንጂ የት የሚለውን ያነሳ አልነበረም፡፡

ቤቶቹን በየተራ ገብተን አየናቸው፡፡ ስማቸው ሁሉ ከሌላ አገር ነው፤ ሆል፣ ቻምበር፣ ፕሌት፣ ካቴድራል፡፡ ቻምበር ማለት ባዶ ክፍል ነው፤ አንድ ጥግ ላይ ስፒከር፣ ሌላው ጥግ ላይ ማይክ ይቀመጥና ዘፈኑ እዚያ ውስጥ ተጫውቶ ይቀዳል፡፡ ቢል ፑትናም የተባለው አሜሪካዊ የድምፅ ባለሙያ በ1947 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ለሃርሞኒካትስ ቡድን ቀረጻ ይህንን ያደረገው በስቱዲዮው መጸዳጃ ቤት ነው፡፡ (ሽንት ቤት ውስጥ ድምፃችሁ የሚያምርላችሁ ሰዎች፣ ከኋላችሁ ታሪክ አለ፡፡) ፕሌት ደግሞ ቤት እንኳን አይደለም፤ የተንጠለጠለ ቀጭን የብረት ሉህ ነው፡፡ ኢ.ኤም.ቲ. የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1957 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቁም ሳጥን የሚያህል ሣጥን ከ250 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር፤ ዛሬ ያው ድምፅ ጥቂት ሜጋባይት ሆኖ ይወርዳል፡፡ ኮንቮሉሽን የሚባለው ከሁሉም ይለያል፡፡ ሶኒ በ1999 እ.ኤ.አ. በመሣሪያ መልክ ያመጣው ሲሆን፣ የአንድን እውነተኛ አዳራሽ ምላሽ ቀድቶ በማንኛውም ድምፅ ላይ ያለብሳል፡፡

ካቴድራሉን ስንከፍተው ጊታሪስታችን ዓይኑን ጨፈነ፡፡ ስድስት ሰከንድ የሚያስተጋባ ድንጋይ! ማሲንቆው ሰማይ ነካ፡፡ ልጅቷ መዝፈን ስትጀምር ግን ምን እንደምትል አይሰማም፡፡

የትዝታ ዘፈን ደግሞ ግጥም ነው፡፡ አዝማሪ ቤትን አስቡት፡፡ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወንበሩ የተጠጋጋ፣ ሰው ጋቢና ጃኬት ለብሶ ትከሻ ለትከሻ የተቀመጠበት፡፡ ዋላስ ሳቢን የተባለው የሃርቫርድ ፊዚክስ መምህር ከ1895 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ5 ሰከንድ በላይ የሚያስተጋባ አንድ የማስተማሪያ አዳራሽ እንዲያስተካክል ታዞ ያረጋገጠው ነገር ቢኖር የወንበር ትራስ፣ ልብስና የሰው ገላ ድምፅን እንደሚውጡ ነው፡፡ አዝማሪ ቤት ያለ ሳቢን ምክር ይህንኑ አሟልቷል፡፡ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው ይቀበላል፣ ወርቁ ሰሙ ውስጥ ተደብቆ ያልፋል፡፡ አንዲት ፊደል ብትጠፋ ቀልዱ ሞተ፡፡

አማርኛን ደግሞ ረጅም ሪቨርብ ከሌላው ቋንቋ የበለጠ ይጎዳዋል ብለን እናምናለን፡፡ «ይመታል» የሚለውን ቃል ውሰዱት፡፡ አላልታችሁ ስታነቡት ሰውየው መቺ ነው፤ አጥብቃችሁ ስታነቡት ተመቺ ነው፡፡ አጻጻፉ አንድ ነው፡፡ «ተ» ስትጠብቅ የሚሆነውን ልብ በሉ፤ ምላስ ላንቃን ዘግቶ ለቅጽበት ዝም ይላል፣ ከዚያ ይፈታል፡፡ መምታትና መመታትን ከሚለዩት አንዷ ያቺ ዝምታ ናት፡፡ ሪቨርብ ምን ያደርጋል? ዝምታውን ይሞላል፡፡ «ጠ»፣ «ቀ» እና «ጨ» ደግሞ እንደ ክብሪት ድንገት ፈንድተው የሚጠፉ ድምፆች ናቸው፤ ካቴድራል ውስጥ ፍንዳታቸው ተጎትቶ የሚቀጥለው ቃል ላይ ይወድቃል፡፡ ሻጮቹ ናሙና ብለው የሚያሰሙት የእንግሊዝኛ ዘፈን ይህንን አይነግራችሁም፡፡ በራሳችሁ ዘፈን ካልሞከራችሁ አትግዙ የምንለው ለዚህ ነው፤ አብዛኛው ፕለጊን ለጥቂት ቀን በነፃ መሞከሪያ ይሰጣል፡፡

እኛም አምስቱን አወረድን፡፡ ጓደኛችን ስማቸውን ደብቃ፣ የሁሉንም የድምፅ መጠን እኩል አድርጋ (ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና) አሰማችን፡፡ በሄድፎን፣ ከዚያ በስልክ ስፒከር፣ ከዚያ ጎረቤት ቴሌቪዥን ሲከፍት፡፡ ቀድመው የወደቁት ትልልቆቹ አዳራሾች ናቸው፡፡ መጨረሻ ላይ የቀሩት ሁለት ፕሌቶች ነበሩ፤ አንዱ ነፃ፣ አንዱ ባለ 50 ዶላሩ ቫልሃላ ቪንቴጅቨርብ፡፡ ድምፁ ላይ ሁለቱን መለየት ያቃተን አለን፡፡ ማሲንቆው ላይ ግን ነፃው እንደ ተመታ ቆርቆሮ መጮህ ጀመረ፡፡ በዚህ ተወሰነ፡፡

ከመክፈላችን በፊት አንድ ሙከራ ቀርቶን ነበር፡፡ የምንሠራበት ሪፐር የሚባል ፕሮግራም ኮንቮሉሽን የሚችል ሪቨርብ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ተጨማሪ ሳንቲም አያስወጣም፡፡ ታዲያ የቪየናን አዳራሽ ከመግዛት የራሳችንን ደረጃ ለምን አንቀዳም? ፊኛ ነፍተን፣ ማይክ ይዘን የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ወጣን፡፡ ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ ሲሚንቶ ነው፤ ልጆች ሲጮኹበት እንዴት እንደሚያስተጋባ ሁሌም እንሰማለን፡፡ ፊኛው ሲፈነዳ ሦስት በር በአንድ ጊዜ ተከፈተ፡፡ «ልጆች፣ ምንድን ነው የፈነዳው? ትራንስፎርመር ነው?» አሉ የሁለተኛ ፎቋ እማማ፡፡ «ፊኛ ነው እማማ፣ ለሙዚቃ ነው» አልናቸው፡፡ «ለሙዚቃ ከሆነማ» ብለው በሩን ዘጉት፤ ያመኑን ግን አይመስለንም፡፡ የደረጃው ድምፅ ለዘፋኝ አይሆንም፤ ማሲንቆው ላይ ትንሽ ሲነካካ ግን አንድ ሰው ከታች ሆኖ የሚጫወት ያስመስላል፤ ትተነዋል፡፡

ዶላር የሚከፍል ካርድ ከመካከላችን ያለው ስለሌለ ሜሪላንድ ያለች የጊታሪስታችን የአክስት ልጅ ከፈለችልን፤ ዕዳችንን የምንመልሰው በበርበሬና በሽሮ ነው፣ ሰው ሲሄድ፡፡ ከተዋጣው ገንዘብ ለበርበሬው ከቀነስን በኋላ በቀረው የማሲንቆ ተጫዋቹን አንድ ቀን መልሰን ጠርተን ሁለተኛውን አዝማች አስቀዳን፡፡ የጥቅሉ ሰዓት ደግሞ ዜሮ ሲደርስ «ቅናሹ እስከ ሰኞ ተራዝሟል» አለ፡፡

ለሚጠቅማችሁ፣ ያስቀመጥነው ይህ ነው፡፡ ፕሌት፣ 1.6 ሰከንድ፡፡ ድምፁ ከወጣ በኋላ ሪቨርቡ 40 ሚሊሰከንድ ቆይቶ እንዲጀምር አደረግን፣ ፊደሎቹ ቀድመው እንዲያልፉ፡፡ ወደ ሪቨርቡ ከሚገባው ድምፅ ላይ ከ600 ኸርዝ በታችና ከ10 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ቆረጥን፤ የለንደኑ አቢ ሮድ ስቱዲዮ የቆየ ዘዴ ነው፣ ጭቃውንም ፉጨቱንም ይቀንሳል፡፡ ልጅቷ ታክሲ ውስጥ ሆና በስልኳ ሰማችው፡፡ ደውላ «ያምራል፤ ግን ሁለተኛው ስንኝ ላይ ‹ጠ›ዋ አሁንም አትሰማም» አለችን፡፡ መልሰን ሰማነው፡፡ ወደ 1.2 ሰከንድ አወረድነውና ላክንላት፡፡