የበሩ ቃጭል

ዛሬ ስለ ውሻዬ ላውጋችሁ። በአገራችን ልማድ ውሻ የደጅ ጠባቂ ነው። ሆኖም የአምባ ጊዮርጊስ ብርድ ለቡችላ አይራራምና፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ክረምት ቤት አስገባኋት። በዚያ ሰሞን የውሻ ጩኸት ጎረቤትን ያስደነግጥ ስለነበር፣ የበቅሎ ቃጭል በበሩ ላይ ዝቅ አድርጌ አንጠለጠልሁ።

ከበላች በኋላና ከእንቅልፏ ስትነቃ ቃጭሉን በመዳፏ አስነካትና ወዲያው በሩን እከፍትላታለሁ፤ ደጅ ስትጨርስ ቁራሽ እንጀራ እሰጣታለሁ። ቤት ውስጥ ስታበላሽ አልመታኋትም፤ የተመታ ውሻ መደበቅን እንጂ መጠየቅን አይማርም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ራሷ አቃጨለች።

ነገር ግን ሁለት ሌሊት ውጭ ተኩስ ነበርና፣ ቃጭሉን እየሰማሁ በሩን ሳልከፍት ቀረሁ። በሦስተኛው ሌሊት ቃጭሉ ዝም አለ፤ ሲነጋ አጎዛዬ ርሶ አገኘሁት። ልቆጣት አፌን ከፍቼ አፈርሁ። ፈርቼ ነበር፤ እርሷ ግን የተማረችው ቃጭሉ ከንቱ መሆኑን ነው። እንደገና ለማስተማር ከመጀመሪያው ይልቅ ረጅም ጊዜ ፈጀብኝ።

ሰውን ከውሻ ማነጻጸሬ አይደለም፤ የማነጻጽረው በር ጠባቂዎችን ነው። የሕዝብ አቤቱታ ሲቀንስ «ሰላም ሰፍኗል» የሚል ሹም፣ አስቀድሞ ስንት ጊዜ በሩን እንደከፈተ ራሱን ይጠይቅ።