ባለ ጥለቷ

መጣሁ ዛሬም ወደ ወንዙ ዳር። ሌሊቱን ሠርቼ፣ እንቅልፌን ትቼ፣ ገና ሳይነጋ። ፖቶማክ ይፈሳል። የቼይን ብሪጅ ድልድይ ከላዬ ያጓራል። የቼሪው አበባ ረግፎ ውሃውን ይከተላል። ሁሉም በቦታው አለ። እሷ የለችም።

ናፈቀችኝ ባለ ጥለቷ። ብር የለበሰች፣ ከስንጥቧ እስከ ጅራቷ ሰባት ስምንት ጥቁር መስመር የወረደባት። የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዓሣ አጥማጅ ሮክፊሽ ይላታል፤ መጽሐፉ ስትራይፕድ ባስ። እኔ ግን መጀመሪያ ሳያት የእናቴ ቀሚስ ነው የታየኝ። ባለ ጥለቷ አልኳት፤ በዚያው ጸና ስሟ።

በብርዱ ወራት በቨርጂኒያና በሰሜን ካሮላይና ዳርቻ ትከርማለች። ሙቀቱ ሲመጣ እስከ ሜይን ትወጣለች። ጨው ውሃ ነው ኑሮዋ፤ ለመውለድ ግን ጨው የሌለበትን ውሃ፣ የተወለደችበትን ወንዝ ትሻለች። ስንቱን ወደብ አልፋ፣ ስንቱን መረብ ጥሳ፣ በሚያዝያ ትገባለች ወደ ቤቷ። መንገዷን አትስትም። ቀናሁባት እኔ፣ መመለሻው የጠፋብኝ።

ነበረች። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ውሃው ይፈላ ነበር። ወፎቹ ከላይ ይንጫጫሉ፤ ትንንሾቹ ዓሦች ወደ አየር ይዘላሉ፤ ከሥር እሷ ናት። ነበረች፣ በየማለዳው። ነበረች፣ በየማታው። ዛሬ ወፎቹ በዝምታ ያልፋሉ። ውሃው አለ። እሷ የለችም።

አንድ ሚያዝያ ያዝኳት፣ ከዓመታት በፊት፣ ባሕረ ሰላጤው ላይ፣ በተከራየናት ጀልባ። ከ35 ኢንች ያነሰችውን መልስ፣ የበለጠችውን ውሰድ ይል ነበር ሕጉ ያኔ። ወሰድኳት። አቅፌያት ፎቶ ተነሣሁ። ፎከርኩባት።

ማታ ሆዷን ከፈትኩት። ፈሰሰ እንቁላሏ በመዳፌ ላይ፣ አረንጓዴ፣ እንደ ጤፍ የደቀቀ። ትልቋ እናት በአንድ ጸደይ ሚሊዮኖች ትጥላለች ይላሉ። ሚሊዮኖቹ በጣቶቼ መሐል ሾለኩ። ቢላዬን አስቀመጥኩ። ምን ሊረባ።

ጎጆ የለውም እንቁላሏ። ጅረቱ ነው የሚያዝለው፣ ሁለት ቀን ያህል፣ እስኪፈለፈል። ጅረቱ ከደከመ ይሰምጣል፤ ጭቃው ይውጠዋል። የብርዱ ወራት ሞቀ። በረዶው ሳሳ። ጅረቱ ደከመ። ማን ይዘለው አሁን? ማን?

ሜሪላንድ የባለ ጥለቷን ልጆች ትቆጥራለች፣ በየዓመቱ፣ መረብ ከዳር ዳር እየጎተተች፣ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ። በአንድ ጉተታ 11 ያህል ነበር የብዙ ዘመኑ አማካይ። በ2023 አንድ። አንድ ብቻ። ዓመት ቆጥሬ፣ ወር ቆጥሬ፣ የሰማሁት አንድ።

ሄዳ ታውቃለች፣ ከዚህም በፊት። ሰው በዝቶባት፣ መረብ በዝቶባት ልትጠፋ ደርሳ ነበር። በ1985 ሜሪላንድ ማጥመዱን ጨርሶ ከለከለች። እስከ 1990 እጅ ተሰበሰበ። ተመለሰች። ማንም አልጎተታትም፣ ማንም አልጠራትም፤ ሲተዉአት ተመለሰች።

በ2024 ደግሞ የጸደዩ ማጥመጃ፣ የትልልቆቹ ወቅት፣ የግንቦት መባቻው፣ ተሰረዘ። ፋሲካችን በዚያው ሳምንት ውስጥ ዋለ። እኛ ጾማችንን ፈታን፤ ወንዙ አልፈታም። በባሕረ ሰላጤው ለአንድ ሰው በቀን አንድ ሆነ፣ ከ19 እስከ 24 ኢንች። ትልቋን ውሰድ ያለኝ ሕግ ትልቋን አትንካ አለኝ።

የጀልባው ባለቤት ጀልባውን ሸጠ። አባቱም ከዚያው ውሃ ነበር የኖሩት። እጁን ጨብጬ ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። ሁለታችንም የምናውቃትን አንዲት ሟች እንደቀበርን ሰዎች፣ ውሃውን አየን።

አልማረርኩም እኔ። ክልከላው ሳይመጣ በፊት ከልክሎኛል ያ እንቁላል። አሁንም ይዳስሰኛል መዳፌን፣ አሁንም ሌሊት ሌሊት ይፈሳል። ታጠብኩ፤ አልለቀቀኝም።

ለመያዝ አይደለም የናፈቅኳት። ለመብላትም አይደለም። ጀርባዋ አንድ ጊዜ ውሃውን ሰንጥቆ ሲወጣ፣ ጥለቷ በማለዳ ብርሃን ብልጭ ሲል፣ እሱን ብቻ። መመለስ ገና በዚህ ዓለም ላይ እንዳለ እንዳውቅ፣ እሱን ብቻ።

ነጋ። ዘንግ አልያዝኩም፤ መንጠቆ የለኝም፤ ባዶ እጄን ነው የመጣሁት። ነገም እመጣለሁ። ከነገ ወዲያም።

በሚያዝያ ወንዝ ዳር የምትቆም ወንድሜ፣ ክርህ ድንገት ቢከብድ፣ ብር ለብሳ ብትመጣልህ፣ ሆዷ ሞልቶ ብታያት፣ ከውሃው ሳታወጣ ፍታት። ትለፍ። እባክህ፣ ትለፍ።