የተቆጣ ጉሮሮ

አማርኛችን ለዚህ ነገር የሰጠው ቃል ደስ ይለናል፤ ‹‹ተቆጣ››። ጨጓራ ይቆጣል፣ ጉሮሮ ይቆጣል፣ ቁስል ይቆጣል። አብራን የምትኖረው የነርሲንግ ተማሪ ለፈተና ስታጠና ጠያቂዎቿ እኛ ነን (ጋዜጠኝነት ተምረን ከመጠየቅ ሌላ ምን እናውቃለን?)። የመቆጣት ምልክቶችን ቁጠሪ ስንላት መቅላት፣ መሞቅ፣ ማበጥ፣ ማመም እያለች ታንበለብለዋለች። አራቱንም ሮማዊው ጸሐፊ ሴልሰስ የዛሬ 2,000 ዓመት ገደማ ጽፏቸዋል።

እስከዚህ ቀላል ነበር። ‹‹የሰውነት መከላከያ ራሱን ሲያጠቃ›› የሚለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ግን ዝም ተባባልን። ምሳሌው አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ትሰማን ነበራ! ሌላዋ የቤታችን ልጅ ከ12 ዓመቷ ጀምሮ በየአራት ሳምንቱ መርፌ ትወጋለች። ሕመሙ የሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የልጅ ጉሮሮ ውስጥ ይገባል። በእኛ ሰፈር ቋንቋ ቶንሲል ነው፤ ዳማከሴ ይጨመቃል፣ አንዳንድ ቦታም እንጥል የሚቆርጥ ሰው ይፈለጋል (እንጥሉ ምን አጠፋ?)። ሰውነት ባክቴሪያውን የሚዋጋ ኃይል ያዘጋጃል። ባክቴሪያው ግን ከልብ ሥጋ ጋር የሚመሳሰል ነገር ስላለው፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ ተዋጊው ጠላትና ወዳጅ ይምታታበታል። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጉሮሮው ድኖ ሁሉም ሰው ከረሳው በኋላ፣ ትኩሳት ይመጣል። ጉልበት ያብጣል፤ እሱ ሲተው ቁርጭምጭሚት ይከተላል። ‹‹ብርድ ነው›› ይባላል። መገጣጠሚያው ይድናል። የልብ በሮች፣ ሐኪሞች ቫልቭ የሚሏቸው፣ ግን ጠባሳ ሊይዙ ይችላሉ፤ ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥርም ጉዳቱ ይብሳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። ስለዚህ ልጅ ጉሮሮዬን ሲል ጤና ጣቢያ መውሰድ ትንሽ ነገር አይደለም።

መርፌው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። የተበላሸ ቫልቭ አይጠግንም፤ ባክቴሪያው ዳግመኛ እንዳይመጣ ይከላከላል እንጂ። ቫልቩ የተጎዳ ሰው ቢያንስ 10 ዓመት፣ ብዙ ጊዜም እስከ 40 ዓመቱ ድረስ እንዲወጋው ይመከራል። መድኃኒቱ ወፍራም ነው፣ የሚወጋው መቀመጫ ላይ ነው፣ ያማል። ጓደኛችን የመርፌዋ ቀን መሆኑን የምናውቀው ታክሲ ትታ ቆማ ለመሄድ አውቶቡስ ስትመርጥ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ እያለ አንወጋም ብሎ መለሳት። ‹‹ሰው ሊሞትብኝ ይችላል›› አለቻት ነርሷ። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ፔኒሲሊን አልፎ አልፎ ከባድ አለርጂ ያስነሣል፤ አድሬናሊን አጠገብ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የልብ ማኅበር፣ ቫልቫቸው ክፉኛ የተጎዳ ሕሙማን ከመርፌው በኋላ የሚሞቱት ከአለርጂ ይልቅ በልባቸው መዳከም ሊሆን እንደሚችል ገልጾ፣ ለእነሱ የሚዋጥ መድኃኒት እንዲታሰብ መክሯል። ጓደኛችን ግን ከእነሱ ወገን አይደለችም፤ ሐኪሟ በካርዷ ላይ ጽፎላታል። ነርሷ ካርዱን አልገለጠችውም። ያናደደን ይሄ ነው። መፍራት አንድ ነገር ነው፣ አለማየት ሌላ።

በማግሥቱ ሁለት ታክሲ ይዛ ሌላ ጤና ጣቢያ ሄደች። እዚያ ያለው ነርስ ካርዱን አንብቦ፣ መድኃኒቱን መዳፉ ውስጥ ሞቅ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ወጋትና 30 ደቂቃ አስቀምጦ ሸኛት። አሁን መንገዱ ቢርቅም የምትሄደው እሱ ጋ ነው።