ልብ በሥራ ጊዜ ሲጠየቅ

ሰው ደዌውን መሸሸግ የሚጀምረው ከራሱ ነው። እኔም ዳገት በወጣሁ ቍጥር ደረቴን የሚያፍነኝ ሕመም ቆም ስል ስለሚተወኝ፥ ጨጓራ ነው እያልሁ አንድ ዓመት ያህል ከባለቤቴ ሰውሬው ኖርሁ። በመጨረሻ ግን በመንገድ ላይ ዐይታኝ ኖሮ፥ ወደ ሐኪም ካልሄድህ እህል አልቀምስም ብላ ስለ ማለች ሄድሁ።

ተኝቼ ሳለሁ የተነሣው ኤሌክትሮካርዲዮግራም ደኅና ሆኖ ተገኘ። ደስ ብሎኝ ልብሴን ልለብስ ስል ሐኪሟ፥ «አባባ፥ ሕመሙ የሚነሣብዎ ሲተኙ ነው ወይስ ዳገት ሲወጡ?» ብላ ጠየቀችኝ። ዳገት ስወጣ ነው አልኋት። «እንግዲያውስ ልብዎን ዳገት ላይ እንጠይቀው» አለች።

የነገሩም ምክንያት ይህ ነው። ልብን የሚመግበው የደም ሥር ቢጠብም፥ ሰውነት ባረፈ ጊዜ የሚያልፈው ደም ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሥራ ሲበረታ ግን ልብ ብዙ ደም ይሻልና፥ ጠባቡ ሥር ሊያደርስለት ያልቻለው የልብ ግድግዳ ከሌላው ይልቅ ይሰንፋል። ይህም ስንፍና ጆሮ በማይሰማው ድምፅ፥ በአልትራሳውንድ ይታያል። የልብን እንቅስቃሴ በዚህ ድምፅ አስቀድመው የመዘገቡት፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ፥ ሐኪሙ ኢንገ ኤድለርና የፊዚክስ ሊቁ ሄልሙት ሄርትስ ናቸው።

አስቀድሞ በግራ ጎኔ ተኝቼ የልቤ ሥዕል ተነሣ። ከዚያም በትሬድሚል ላይ ወጣሁ፤ በየ3 ደቂቃውም ፍጥነቱና ዳገቱ ይጨምር ነበር። ከ220 ላይ ዕድሜዬ 60 ሲቀነስ 160 ይቀራል፤ የዚህም ከመቶ 85 እጁ 136 ነውና፥ የልቤ ምት በደቂቃ እስከዚያ እንዲደርስ ይጠበቅ ነበር። በመካከሉ ያ የማውቀው ሕመም መጣ። እንደ ልማዴ ዝም ልል አሰብሁ፤ ነገር ግን «አመመኝ» አልሁ። ይህች አንዲት ቃል ከዳገቱ ይልቅ ከበደችኝ።

ልብ ሲያርፍ ጉድለቱ ቶሎ ስለሚሰወር፥ ሥዕሉ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ እንዲነሣ ወዲያው አስተኙኝ። ሐኪሟም ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አሳየችኝ፤ በዕረፍት ጊዜ ከሌላው እኩል ይጨበጥ የነበረው የፊተኛው ግድግዳ ከሥራ በኋላ ሰንፎ አየሁት። ይህ ምርመራ አንዳንድ ጊዜ ሊሳሳት ይችላልና በአንጂዮግራም ተረጋገጠ፤ የጠበበውም ሥር ተከፈተ።

ዛሬ ያንን ዳገት ከባለቤቴ ጋር በቀስታ እወጣለሁ። ልቤ ተኝቼ በተመረመርሁ ጊዜ አልዋሸም ነበር፤ የሚገባው ጥያቄ ገና አልቀረበለትም ነበርና። እየተጠየቅሁ የዋሸሁስ እኔ ነበርሁ።