አጥንት ያለ ደም አይገጥምም

ዘር ሲጠየቅ አጥንት የሚቆጠርበት አገር ልጆች ነን። ደምና አጥንትን አንድ ላይ የምናነሳው ግን ስለ አባቶች መስዋዕትነት ሲወራ ብቻ ነው። ከዚያ ውጪ አጥንት ለእኛ ደረቅ ነገር ነው። ቅልጥም ስንመጥጥ የምናድር ሰዎች እንኳ እንዲህ እናስባለን!

ይህን ሐሳባችንን የነቀነቀው አንድ ጓደኛችን ነው። ከሞተር ሳይክል ወድቆ የተሰበረው እግሩ ወራት አልፈውም አልገጥም አለ። ሐኪሙ ሁለት ምርጫ ሰጠው፤ ወይ ከራሱ ዳሌ አጥንት ተወስዶ ክፍተቱ ይሞላል፣ ወይ ሰው ሠራሽ መሙያ ይገባል። ዳሌውን ማስነካት አልፈለገም። "እናንተ ጋዜጠኝነት ተምራችሁ የለም እንዴ? አጣሩልኝ!" ብሎ እኛ ላይ ጣለው።

አጣራን። ሰው ሠራሹ መሙያ ብዙውን ጊዜ ከካልሲየምና ፎስፌት የሚሠራ፣ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ነገር ነው። ቅርጹ አጥንት ይመስላል፤ ግን ውኃ ያልገባለት ኮንዶሚኒየም በሉት። ሕያው ሴል ከደም ሥር ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር በላይ ከራቀ በቂ ኦክስጅን አይደርሰውም። ደም ካልገባ እንግዲህ መሃሉ ባዶ ቤት ሆኖ ይቀራል።

ደሙን የሚጠሩት ግሮውዝ ፋክተር የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። አጥንት ሲሰበር ኦክስጅን ያጠራቸው ሴሎች ቪኢጂኤፍ የተባለውን ይለቃሉ፤ በአቅራቢያ ያሉት የደም ሥሮችም ወደዚያው ቅርንጫፍ ያበቅላሉ። ማርሻል ዩሪስት እ.ኤ.አ. በ1965 ፍንጩን ያገኘው ቢኤምፒ ደግሞ ሴሎችን አጥንት ሠሪ ያደርጋል፤ እነሱም በተራቸው ቪኢጂኤፍ ይለቃሉ። ከራስ ዳሌ የተወሰደ አጥንት ሕያው ሴሎችንና እነዚህን ፕሮቲኖች ይዞ ይመጣል። ሰው ሠራሹ ካልጨመሩለት የለውም።

"ታዲያ በብዛት ይጨመርበታ!" አለ ጓደኛችን። ነገሩ እንዲያ ቢሆን ምን ነበረበት። ቪኢጂኤፍ ሲበዛ የሚበቅሉት የደም ሥሮች የተዘበራረቁና የሚያፈሱ ይሆናሉ። እንዲጸኑ ፒዲጂኤፍ የተባለው ሌላ ፕሮቲን ደጋፊ ሴሎችን ሊጠራላቸው ይገባል። ተመራማሪዎች ፕሮቲኑን ቀስ በቀስ የሚለቅ መሙያ ለመሥራት የሚደክሙት ለዚህ ነው። ቢኤምፒ-2 እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ለወገብ አከርካሪ ቀዶ ጥገና ተፈቀደ። በ2008 ደግሞ የአገሪቱ መድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ አንገት ላይ ሲውል አደገኛ እብጠት እንደሚያመጣ አስጠነቀቀ።

ጓደኛችን ዳሌውን መረጠ። ሐኪሙ ግን ሌላ ጥያቄ ነበረው፦ "በቀን ስንት ሲጋራ ታጨሳለህ?" ኒኮቲን የደም ሥርን ያጠብባል፤ የሚያጨስ ሰው ስብራቱ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይገጥምም። ወዳጃችን ከዳሌው ይልቅ ሲጋራው ከበደው።

እንግዲህ "ሰው ሠራሽ አጥንት ተሠራ" የሚል ዜና ስታነቡ አንድ ነገር ጠይቁልን፤ ደሙስ በየት በኩል ይገባል? ሲጋራ ይዛችሁ የምታነቡ ከሆነ ግን ጥያቄው ለእናንተም ነው።